ሲባጎውና ስድስቱ ምሰሶዎች

ጥንግ! ጥንግ! ጥንግ!

የተወጠረ ሲባጎ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ከተሰማ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም፤ ጋሽ እርምጃ ግን ዛሬም ዐይኑን ጨፈን ሲያደርግ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ጺሙ ገና ያላቀመቀመ የሥራ ተማሪ ነበር። አለቃው፣ የመብራት መስመር ሲዘረጉ ያረጁ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት ጠጠር በፈሰሰበት ግቢ መካከል አቆሙትና ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። አንደኛውን ጫፍ ከቀኝ ቁርጭምጭሚቱ፣ ሌላውን ከግራው አሰሩ። በመካከል የቀረው ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ወዲህም የለም።

«በል ሂድ» አሉት።

«እንዴት አድርጌ? እንደ በቅሎ አስረውኝ?»

«በቅሎ ብትሆንማ እስካሁን በለመድኸው ነበር። ሂድ! ሲባጎው ካልጮኸ እርምጃህ አጥሯል፤ ከጣለህ ረዝሟል።»

ወደቀ፣ ተነሣ፣ ጉልበቱ ተላጠ፣ መንገደኛ ሁሉ ሳቀበት። ሦስት ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ታስሮ ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ ሲባጎው እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል መምታት ሲጀምር፣ አለቃው ጎንበስ ብለው ፈቱለትና «አሁንስ?» አሉት። ተራመደ። ሲባጎ በሌለበት ጆሮው ውስጥ ጥንግ፣ ጥንግ ይል ነበር። አለቃው ሲባጎውን ጠቅልለው በመዳፉ ላይ አኖሩለትና፣ «እንግዲህ ሜትር ጠፋብኝ ብለህ ከሥራ የምትቀርበት ሰበብ የለህም» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜትር ይዞ አያውቅም። ወፍጮ ቤቱን፣ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ የሐኪም ቤቱን ረጅም ኮሪደር፣ ሁሉን በእግሩ እየለካ፣ ከሲሚንቶ ከረጢት በቀደደው ወረቀት ላይ እየነደፈ አበራው። ሜትር ይዘው ከኋላው እየተከተሉ ሻይ የሚወራረዱ ሞልተው ነበር፤ ሻዩን ሁልጊዜ የሚጠጣው ግን እሱ ነበር። ስሙ ተረሳና ጋሽ እርምጃ ተባለ። ነፍሷን ይማርና ሚስቱ ብቻ ነበረች የማትደነቅለት። «ከአልጋህ እስከ ወጥ ቤት ስምንት እርምጃ እንደሆነ አሳምረህ ታውቃለህ፤ መንገዱን ግን ሄደህበት አታውቅም» ትለው ነበር።

አሁን ሚስቱም የለችም፤ ሥራ ብሎ የሚጠራውም ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፏል። ስለዚህ አንድ ልጁ ከሥራ መጥታ «አባዬ፣ እኛ ዘንድ የመኪና ማቆሚያው መብራት ሊሠራ ነው፤ አንተን ጥሩልኝ ብያቸዋለሁ» ባለችው ቀን፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ተነሥቶ ጫማውን መወልወል ጀመረ።

ልጅቱ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናት። ሜትር እንደ አንገት ሐብል ከአንገቷ አይወርድም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ረስታው ለብሳው ቤት ትገባለች። ስፌት ቤቱ ሃያ ያህል ሴቶች የሚሠሩበት ሲሆን፣ ከበስተጀርባው ረጅም የመኪና ማቆሚያ አለው። የሠራተኞቹ መውጫ በር ያለው ከማቆሚያው ወዲያኛው ጫፍ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ሥራ ሲለቀቅ፣ ቀኑ ሊመሽ ሲያጣጥር፣ ወደ ኋላ የሚሄድ የዕቃ መኪና ከዚያ በር አጠገብ ከሴቶቹ አንዷን፣ ቁልፍ ሰፊዋን ገጫት። ሹፌሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አላያትም። እግሯ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ማታ ማታ ሲወጡ እጅ ለእጅ ተያይዘው እየዘፈኑ ነው። «ደስ ብሏችሁ ነው?» ሲሏቸው፣ «ሹፌሩ እንዲሰማን ነው እንጂ» ይላሉ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት በመጀመሪያ ልትጠራ ያሰበችው ሌላ ባለሙያ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ቀይ ነጥብ እያበራ የሚለካ መሣሪያ ያለው። «አባቴ እያለ?» ብላ ያስቀረቻት ቆራጯ ናት። ጋሽ እርምጃ ይህን ያውቅ ነበር፤ ማወቁም ደረቱን ሞላው።

በባለቤቲቱ ቢሮ የግቢው ካርታ በጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ርዝመቱ ሃምሳ አራት ሜትር ይላል።

«ጋሼ፣ እኔ የምፈልገው ቦግ ያለ ነው» አለች፣ እጇን እንደ አበባ እየዘረጋች። «ሲበራ ቀን የሚያስመስል።»

«እሱማ ይቅርብሽ ልጄ። ዳቦ ላይ ማር ስትቀቢ አንድ ቦታ ከምረሽ ሌላውን ደረቅ ትተዪዋለሽ?»

«ኧረ አልተወውም።»

«መብራትም እንደዚያው ነው። ሹፌር ከቦግታ ወጥቶ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ዕውር ነው። እዚህ አብርተሽ እዚያ ካጨለምሽ፣ ከነጭራሹ ባታበሪ ይሻላል። እኩል መሆን አለበት።»

ከዚያም በከረጢት ወረቀቱ ላይ ነደፈው፤ በግራ ሦስት ምሰሶ፣ በቀኝ ሦስት ምሰሶ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። የምሰሶው ቁመት ስድስት ሜትር። ከሕንፃው እስከ መጀመሪያው ምሰሶ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ እስከ ሁለተኛው ሃያ አራት፣ እስከ ሦስተኛው ደግሞ ሃያ አራት፤ ከሦስተኛው እስከ መውጫው በር አሥራ ሁለት ይቀራል። ሰባ ሁለት እርምጃ፣ ሃምሳ አራት ሜትር። የመብራቶቹን ፊት ወደ ምድር አቀርቅሮ ሣለው፤ ጎረቤት መኝታ ቤት ገብቶ እንዳይረብሽ። ባለቤቲቱ ስድስቱን ምሰሶዎች አስመጣች።

ቁልፍ ሰፊዋ ክራንቿን ከወንበሯ ጋር አጋድማ መስኮት ሥር ተቀምጣ ነበር። ጋሽ እርምጃ ሲያልፍ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ሌላው ሁሉ ቢጨልም ግድ የለኝም። እዚያች በር ላይ ብቻ አይጨልምብን።»

«ሌላው ሳይጨልም እሷም አትጨልምም። ከአራት አቅጣጫ አራት ጥላ ይከተልሻል፤ አጀብ እንዳላት ባለሥልጣን ነው የምትወጪው።»

«እግሬ እስኪድን አንዱ ጥላ ክራንቹን ይያዝልኝ!» አለችና ሳቀች። እሱም ሳቀ። ቃል መግባት ማለት ለሱ እንዲህ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ እርምጃ ስድስት ችካልና አንድ ቆርቆሮ ኖራ ይዞ ግቢውን ጀመረ። መኪኖቹ ተነሥተዋል። ጀርባውን ለሕንፃው ሰጠ፣ ዐይኑን በሩ ላይ ተከለ፣ ተራመደ። አሥራ ሁለት፤ በግራ ችካል፣ በቀኝ ችካል። ሃያ አራት፤ ችካል። ሃያ አራት፤ ችካል። ከዚያ ቀና ብሎ በሩን አየ። በሩ ሩቅ ነበር።

የቀረውን ቆጠረ። አሥራ ሁለት መሆን ሲገባው ሠላሳ ሆነ። ተመልሶ ከበሩ ወዲህ ቆጠረ፤ ሠላሳ። በችኮላ ሲመላለስ የኖራውን ቆርቆሮ ረግጦ ገለበጠው፤ አስፋልቱ ላይ ነጭ ኮቴ እየተወ እንደገና ቆጠረ። ሠላሳ።

ቆሞ አሰበ። እሱ በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። ካርታውን ግን ማን ያውቃል? በሆነ ቢሮ፣ በሆነ ሰው፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ እየጣለው የተሣለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ካሰበ በኋላ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነለት።

«ካርታሽ ዋሽቶሻል» አላት ባለቤቲቱን። «ግቢሽ ከተጻፈው በአሥራ ሦስት ሜትር ተኩል ይረዝማል።»

«ምን? የኔ ሆኖ ያልተጻፈልኝ አሥራ ሦስት ሜትር አለ?»

«ተኩል።»

«እርስዎ ካሉማ አለ ማለት ነው!» ደስታና ንዴት ፊቷ ላይ ተጋፉ። «አሁን ታዲያ ምሰሶዎቹን ትንሽ አራርቀን ብናዳርሳቸውስ? በሃያ አራት ፈንታ በሠላሳ በሠላሳ?»

ጋሽ እርምጃ ሕፃን ልጅ እንዳስቸገረው ሰው ፈገግ አለ። «ሠላሳ እርምጃ ሃያ ሁለት ሜትር ከምናምን ነው። በየመካከሉ የጨለማ ጉድጓድ ይሆንብሻል። ሁለት ምሰሶ ይጨመር።»

«ሻጩ በእጁ የነበረው እነዚህ ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላ ምሰሶ እኮ ከሁለት ወር በፊት አይደርስም።»

«እንግዲህ እስከዚያ የበሩ ጫፍ ይቆያል።»

ይህን ሲናገር መስኮቱ ሥር የቁልፍ ሰፊዋ መርፌ ቀጥ አለ። አላያትም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ።

በሻይ ሰዓት ብርጭቆውን ይዞ ከሻይ ክፍሉ መስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት፣ ልጁን አያት። ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቁጢጥ ብላለች። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከአንድ ነጭ ኮቴ ተረከዝ እስከሚቀጥለው ኮቴ ተረከዝ ትዘረጋለች። አንዱን ለካች፤ ሁለተኛውን ለካች፤ ወደ ፊት እየተሳበች ሄደች። ከዚያ ተነሥታ ዙሪያዋን አየች፣ ሜትሩን መልሳ አንገቷ ላይ ጣለችና ገባች። ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ።

ማታ አብረው ወደ ቤት ተመለሱ። ድሮ፣ ልጅቱ ትንሽ ሳለች፣ እሱ ሁለት ሲራመድ እሷ አምስት ትሮጥ ነበር፤ «አባዬ፣ እግርህን ቆይ በልልኝ» ትለው ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አካሄዷ የተረጋጋ ነው። ምንም የሚታይ ነገር በሌለበት ሱቅ ፊት ትቆማለች፤ ያልተፈታ የጫማ ክር ታስራለች። አድጋ፣ ሰክና ነው ብሎ ደስ ይለው ነበር። ዛሬ የጫማዋን ክር ልታስር ስታጎነብስ፣ የምትጠብቀው እሱን መሆኑ ገባው።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ደክሞኝ ነው አባዬ።»

«ሜትርሽን ዛሬ ከጨርቅ ሌላ ምን ስትለኪበት ዋልሽ?»

ቀና አለች። «አየኸኝ እንዴ?»

«ዐይኔ እንኳ ደኅና ነው።»

«ስልሳ ነው አባዬ።»

«ምኑ ነው ስልሳ?»

«እርምጃህ። አሥራ አንድ ቦታ ለካሁት። አንዱ ስልሳ አንድ ነው፤ የቀረው ሁሉ ልክ ስልሳ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኩልነቱ እንደ ድሮው ነው። ማንም ሰው እንደዚያ እኩል አይራመድም። ማጠሩ ብቻ ነው።»

«አንቺ ጨርቅሽን ለኪ!» አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ወጣ። «የሰው ሱሪ ስታሳጥሪ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ አባትሽን ልታሳጥሪው?»

ክሯን አጥብቃ አስራ መንገዷን ቀጠለች። እራት በልተው ተኙ።

ጠዋት ሲነሣ ልጅቱ ወጥታለች። ቤቱ ጭር ብሏል። ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ፤ መቁጠር ሳይፈልግ ቆጠረ። ስምንት ሲል ገና በሩ አጠገብ ነበር። የውኃው ጋን ዘንድ ሲደርስ አሥር ሆነ። «ባዶ እግሬን ስለሆነ ነው» አለ ጮክ ብሎ፤ ለማን እንዳለው እሱም አላወቀም። ጫማውን አድርጎ ተመለሰና እንደገና ቆጠረ፤ ያው አሥር። ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳውን ከፍቶ፣ ከታች፣ ከአሮጌ መክፈቻዎችና ከዛጉ ብሎኖች ሥር፣ ጥቅልሉን ሲባጎ ፈልጎ በኪሱ ጨመረው።

ስፌት ቤቱ ግቢ ሲደርስ ቆፋሪው ዶማውን ተደግፎ ይጠብቀው ነበር።

«እንደምን አደሩ አባት! ግሩም አድርገው አስተካክለውታል።»

«ምኑን?»

«ችካሉን ነዋ! ልጅዎ ጎሕ ሲቀድ መጥታ አልነበር? ‹አባቴ ሲያስብበት አድሮ አስተካክይ ብሎ ልኮኝ ነው› አለችና ስድስቱንም ነቅላ እንደገና ተከለቻቸው። እርስዎ አይደሉም እንዴ የላኳት?»

ጋሽ እርምጃ ወደ ግቢው ተመለከተ። ችካሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ከሕንፃው እስከ በሩ እኩል ተሰልፈዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በሩን ቀርበው ቆመዋል። እንዲህ ያለ አሰላለፍ ያውቀዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ፣ በሠራበት ሁሉ አይቶታል። የገዛ እጁ ጽሑፍ በሌላ ሰው ብዕር ተጽፎ ያየ መሰለው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። ልጁ ስሙን በጨርቅ ሸፍና አስቀምጣለታለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ቢል ጉድጓዱ ይቆፈራል፣ ምሰሶው ይቆማል፣ በሩም ይበራል።

«በል ልጀምር?» አለ ቆፋሪው። «እትዬም ደስ ብሏቸዋል። ስለ ካርታው ለመሬት ቢሮ ደብዳቤ እያጻፉ ነው። ‹ጋሽ እርምጃ በእግራቸው ለክተው አረጋግጠውልኛል› ብለው ስምዎን አስገብተዋል።»

«ቆይ» አለ ጋሽ እርምጃ። «እስክመለስ ዶማህን እንዳታነሣ።»

በመቁረጫው ክፍል ልጁ ብቻዋን ነበረች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ በጨርቅ ተደራርቦ፣ ትልቁ መቀስ በእጇ ነበር። ሲገባ ስታየው መቀሱን አላስቀመጠችም፤ ልታደርገው ያሰበችውን እንዳደረገች፣ የሚመጣውን እንደምትቀበል ሰው ቆመች።

ሲባጎውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። «ለኪው» አላት።

ሜትሯን አሳርፋ ለካችው። «ሰባ አምስት።»

«አልተሳበም? አልሰለለም?»

«ሰባ አምስት ነው አባዬ።»

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። የሲባጎውን ጫፍ ከቁርጭምጭሚቱ ሊያስር ጎነበሰ፤ ጣቶቹ ቋጠሮውን ይይዙና ይለቃሉ። ልጅቱ ተንበርክካ ልትረዳው እጇን ስትዘረጋ «ተዪኝ» አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረና እጁን አነሣ። ያን ጊዜ አሰረችለት፤ ልክ አለቃው እንዳሰሩት፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ።

ተነሥቶ በጠረጴዛው ርዝመት ተራመደ። ሲባጎው አልጮኸም። ወለል ላይ ተንዘላዝሎ፣ የተቆራረጠ ክርና ብጥስጣሽ ጨርቅ እየጠረገ፣ ሽር፣ ሽር አለ። ጥርሱን ነክሶ እግሩን ዘረጋ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጥንግ አለ፤ ወዲያውም ተንገዳግዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ይበቃል አባዬ» አለች ልጁ።

በሩ ተከፈተና ባለቤቲቱ ወረቀት ይዛ ገባች። «ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት! ቁጥሩን ያረጋግጡልኝ እስቲ፤ አሥራ ሦስት ሜትር ተኩል አይደል ያሉኝ?» ከዚያ እግሩን አየችና ቀጥ አለች። «ውይ! ምን ሆነው ነው የታሰሩት?»

በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪኖቹ ሥራ ጀምረው ነበር፤ ከመካከላቸው የክራንች ኳኳታ ወደ መስኮቱ ሲያልፍ ተሰማ። ልጅቱ አቀርቅራ ጨርቁን ታስተካክላለች፤ የተስተካከለውን።

ጋሽ እርምጃ ተቀምጦ ሲባጎውን ፈታ። አሁን ጣቶቹ እሺ አሉት።

«ደብዳቤውን ቅደጂው» አለ። «ካርታው ልክ ነው። ያጠርሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«ሰባ አምስት የነበረው ስልሳ ሆኗል። ግቢሽ አልረዘመም። ችካሉንም እኔ አይደለሁም ያስተካከልሁት፤ ልጄ ናት፣ በሜትር። ለቆፋሪው ንገሪው፤ እሷ በተከለችው ይቆፈር።»

ባለቤቲቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቱን አየች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችው። ልጅቱ ቀና ብላ «አባዬ፣ ሻይ ላምጣልህ?» አለች።

ሲባጎውን ጣቱ ላይ ጠቀለለው፣ እንደገና ዘረጋው፣ በመጨረሻም ጠረጴዛው ላይ ከመቀሷ ጎን አኖረው። ቦርሳውን አነሣ። ከጠረጴዛው እስከ በሩ ያለውን መንገድ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይቆጥር ሄደና፣ ደኅና ዋሉ ሳይል ወጣ።